ሳይቃጠል በቅጠል፤ የልጆቻችንን ከባድ ሕመም በጊዜ ስለማወቅ

ለዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ጉዳይ ደስ የሚል አይደለም፤ ቢሆንም መነገር አለበት። ጉዳዩ የልጆች ከባድ ሕመም ነው። ከባድ ሕመም ስል ጉንፋንና ተቅማጥ ማለቴ አይደለም። በጊዜ ከታወቀ ልጁ አድጎ ለወግ ለማዕረግ የሚበቃበትን፣ ዘግይቶ ከታወቀ ግን ሐኪሙም መድኃኒቱም እያለ ልጁ ከእጅ ሊያመልጥ የሚችልበትን ሕመም ማለቴ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ኪርያት ጋት ውስጥ ብዙ ዓመት የኖርኩ እናት ነኝ። ዕብራይስጡን ስለምችል ጎረቤት ሲቸግረው «እስቲ እባክሽ አብረሽኝ ሂጂ» ይለኛልና በኩፓት ሖሊም ወንበር ላይ ብዙ ሰዓት ተቀምጬአለሁ። ስለ ሕክምናው የምጽፈው ሐኪሞች የሚያስረዱትንና በይፋ የታወቀውን ነው። ስለ እኛ ስለ ወላጆች የምጽፈው ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። እሳት ገና ሲጀምር በለጋ ቅጠል መትቶ ማጥፋት ይቻላል። የጎጆውን ክዳን ከያዘ በኋላ ግን አገር ቢሰበሰብ፣ ወንዝ ቢቀዳ አይመለስም። የልጅ ሕመምም እንዲሁ ነው። ነገር ግን «በጊዜ» የሚለው ቃል ለሁሉም ሕመም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ሕመም የሚሰጠን ቀናትን ነው፣ ሌላው ሳምንታትን፣ ሌላው ደግሞ ዓመታትን። ወላጅ ይህን ልዩነት ካወቀ መቼ መሮጥ፣ መቼ ቀጠሮ መያዝ እንዳለበት ያውቃል።

በቀናት ከሚለካው ልጀምር። እርሱም የልጆች ስኳር በሽታ ነው። ብዙዎቻችን «ስኳር» ሲባል የሚታየን በዕድሜ የገፋ፣ ወፈር ያለ ሰው ነው። ሐኪሞች «ዓይነት አንድ» የሚሉት ስኳር ግን ልጆችን ይይዛል፤ ቀጭኑንም ወፍራሙንም ይይዛል። ጣፋጭ በመብላትም የሚመጣ አይደለም። የሰውነት መከላከያ ራሱ ተሳስቶ ቆሽትን ያጠቃና ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ማመንጨት ያቆማል። ኢንሱሊን ከሌለ የተበላው ምግብ ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ ይከማቻል እንጂ ለሰውነት አይደርስም። ልጁ እየበላ ይራባል፤ እየበላም ይከሳል። ትርፉ ስኳር ውኃ እየሳበ በሽንት ስለሚወጣ ልጁ ሽንቱን ያበዛል። ሽንት ስላበዛም ይጠማዋል።

ይህ ሳይታወቅ ከቆየ ሰውነት ስቡን ማቃጠል ይጀምርና ደም ውስጥ አሲድ ይከማቻል። ያን ጊዜ ልጁ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ትንፋሹ የፍራፍሬ ሽታ ያመጣል፣ በጥልቀትና በፍጥነት ይተነፍሳል፣ ይፈዝዛል፤ መጨረሻው ራስን መሳት ነው። ጥማት ከጀመረበት ቀን እስከዚህ ደረጃ ያለው ጊዜ የጥቂት ሳምንታት፣ በትንንሽ ልጆች ደግሞ የጥቂት ቀናት ሊሆን ይችላል። ኢንሱሊን በቶሮንቶ ከተማ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። በጃንዋሪ 1922 ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጋው ሕመምተኛ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በፊት ይህ ሕመም የያዘው ልጅ በየትም አገር ቢወለድ ብዙ አይቆይም ነበር። ዛሬ ግን ኢንሱሊን በሰዓቱ የሚያገኝ ልጅ ይማራል፣ ይሮጣል፣ አድጎ ያገባል፣ ይወልዳል።

ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 በእስራኤል ያሉ ሐኪሞች ከኢትዮጵያ በመጡ ወጣቶች ላይ ስኳር በሽታ በብዛት መገኘቱን «ዳያቤቲስ» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህም የኢትዮጵያ ተወላጅ በሆኑ ልጆች ላይ ዓይነት አንድ ስኳር እንደሚታይ ሐኪሞች አጥንተዋል። ስለዚህ «ይህ የነጮች በሽታ ነው፤ እኛን አይነካም» የሚለውን ወሬ አትቀበሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት አዲስ የገባች ጎረቤቴ በዕብራይስጥ የተጻፈ ወረቀት ይዛ መጣች። የልጇ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ፣ ጋኔኔቷ፣ የላከችው ነው። «ልጁ የውኃ ጠርሙሱን በቀን ሦስት አራት ጊዜ ያስሞላል። ሽንት ቤት ይመላለሳል። ድሮ ደረቅ የነበረ ልጅ አሁን ሲተኛ ያርሳል። እባካችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት» ይላል። እናቱ ልጁ ውኃ ማብዛቱን አይታለች፤ ግን ወሩ ነሐሴ ነበርና የኪርያት ጋት ሙቀት ነው ብላ ነበር። እንደዚያ ማሰቧ አይገርምም፤ በዚያ ሰሞን ሁላችንም ውኃ ስንጠጣ ነበር የምንውለው። በማግሥቱ ማለዳ አብረን ወደ ሕፃናት ሐኪሟ ሄድን። ሐኪሟ ወረቀቱን እንዳነበበች ደም ለማሰባሰብ ቀጠሮ አልሰጠችም፤ እዚያው ጣቱን ወጋ አድርጋ በትንሿ መሣሪያ ለካችው። ቁጥሩ ከ400 በላይ ነበር። በባዶ ሆድ የጤነኛ ልጅ ከ100 በታች ነው። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ተላክን። ልጁ ገና ማስመለስ ስላልጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ እናቱ መርፌውን ተምራ ይዛው ወደ ቤቷ ገባች። ዛሬ ክንዱ ላይ ስኳሩን የሚከታተል ትንሽ መለኪያ ለጥፎ በሰፈሩ ሜዳ ኳስ ሲጫወት አየዋለሁ።

ያን ቀን ማታ ነገሩን ለቤተሰቤ እያወራሁ ሳለ እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። «ውኃ ያበዛ ነበር፤ ሽንት ያበዛ ነበር፤ ከስቶ ነበር» ስል እጇ ቆመ። ከእኔ በፊት የተወለደ፣ በጎንደር ገጠር ሳለን በሰባት ዓመቱ የሞተ ወንድም ነበረኝ። ስሙን እንጂ ሕመሙን ነግራን አታውቅም። ያን ማታ ግን ነገረችን። «ቀን ከሌት ውኃ ውኃ ይል ነበር። ሌሊት ይነሣብኝ ነበር። ሽንቱ ካረፈበት ላይ ጉንዳን ይሰበሰብ ነበር። እያየሁት አለቀ» አለች። ቀጥላም የጎረቤቴን ልጅ ሕመም ስሙ ምን እንደሚባል ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «እንግዲህ ስም ነበረው» አለች።

ወንድሜን ማንም አልመረመረውምና ሕመሙ ያ ነበር ብዬ መማል አልችልም። ያን ቀን የተረዳሁት ግን ሌላ ነገር ነው። ሕመም ስም ከሌለው ሰው ጥፋተኛ ይፈልጋል። እኛ ቤተ እስራኤል ይህን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። አባቶቻችን ብረት ቀጥቃጭ፣ እናቶቻችን ሸክላ ሠሪ ስለነበሩ የጎረቤት ልጅ በታመመ ቁጥር «ቡዳ ናቸው፣ በሉት» እየተባልን ኖረናል። የእኛው ልጅ ሲታመምስ ማንን እንጠርጥር? እናቴ ራሷን ጠረጠረች። ምን አጥፍቼ ነው፣ የቱን ፆም አፍርሼ ነው እያለች ከሃምሳ ዓመት በላይ ራሷን ጠረጠረች። ዓይነት አንድ ስኳር በእናት ኃጢአት፣ በሰው ዓይን፣ በምግብ ማነስም ሆነ መብዛት አይመጣም። ሕመምን በስሙ ማወቅ የመጀመሪያ ጥቅሙ ለልጁ ነው፤ ሁለተኛው ጥቅሙ ግን ለወላጅ ነው።

ይህን ጋዜጣ ማንበብ ብቻ ምን ይጠቅማል የሚል ካለ የፓርማን ነገር ልንገረው። ፓርማ በኢጣሊያ ያለ አውራጃ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ሐኪሞች ዘንድ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። መልእክቱ አጭር ነበር፤ ልጅዎ ብዙ ይጠጣል ወይ? ብዙ ይሸናል ወይ? ማርጠብ ትቶ የነበረ ልጅ እንደገና ማርጠብ ጀምሯል ወይ? የሚል። ከማስታወቂያው በፊት በነበሩት ዓመታት አዲስ ስኳር ከተገኘባቸው ልጆች መካከል ከመቶ 78ቱ ደማቸው በአሲድ ከተመረዘ በኋላ ነበር ሆስፒታል የሚደርሱት። ማስታወቂያው ከተለጠፈ በኋላ በነበሩት ዓመታት ቁጥሩ ወደ 12.5 ከመቶ ወረደ። አዲስ መድኃኒት አልተገኘም፤ አዲስ ሆስፒታልም አልተሠራም። በዋናነት የተለወጠው አስተማሪውና ወላጁ ምን ማየት እንዳለበት ማወቁ ነው።

አሁን በሳምንታት ወደሚለካው ልለፍ። የልጆች ካንሰር ነው። ስሙን እንኳ መጥራት እንደምንፈራ አውቃለሁ፤ «ያ ክፉው በሽታ» እንላለን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ከ19 ዓመት በታች የሆኑ ወደ 400,000 የሚጠጉ ልጆችና ወጣቶች በካንሰር ይያዛሉ። በበለጸጉ አገሮች ከእነዚህ ከመቶ ከ80 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። በብዙ ድሃ አገሮች ግን የሚድኑት ከመቶ 30 እንኳ አይሞሉም። የልዩነቱ ምክንያት መድኃኒት ማጣት ብቻ አይደለም፤ ሕመሙ ሳይታወቅ መቆየቱ፣ ዘግይቶ መታወቁና የተጀመረው ሕክምና መቋረጡ ጭምር ነው። ድርጅቱ በ2018 በጀመረው ዓለም አቀፍ ዘመቻ እስከ 2030 ድረስ ቢያንስ ከመቶ 60 የሚሆኑት ልጆች እንዲድኑ ዕቅድ ይዟል።

በአገር ቤት ይህን ሐዘን ወደ ሥራ የለወጡ ወላጆች አሉ። አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ማቲዎስ የተባለ ሕፃን ልጃቸውን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ የተባለውን ድርጅት በልጃቸው ስም መሠረቱ። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና አዲስ አበባ የሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ አጥተው እንዳይመለሱ ከሚረዱት መካከል አንዱ ይህ ድርጅት ነው።

የአዋቂ ካንሰር አንዳንዱ ገና ምልክት ሳያሳይ በምርመራ ይፈለጋል። የልጆች ካንሰር ግን በአብዛኛው እንዲህ አይፈለግም፤ የሚገኘው ምልክቱን ያየ ሰው ሲናገር ነው። ልጁን የሚያጥበውና የሚያለብሰው ወላጅ ስለሆነ መጀመሪያ የሚያየውም ወላጅ ነው። ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ነገር ንገሩን ይላሉ፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ከአንድ ሳምንት በላይ የሚመላለስ ትኩሳት፤ የከንፈርና የመዳፍ መገርጣት፤ ሳይመታ ሰውነቱ ላይ የሚወጣ ሰማያዊ ምልክት ወይም የማያቆም የአፍንጫ ደም፤ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የአጥንት ሕመም ወይም ማነከስ፤ በአንገት፣ በብብት ወይም በሆድ ላይ የማይጠፋ እብጠት፤ ጠዋት ጠዋት ከማስመለስ ጋር የሚመጣ ራስ ምታት፤ ያለ ምክንያት መክሳት። በተለይ በሕፃን ዓይን ብሌን ውስጥ እንደ ድመት ዓይን የሚያበራ ነጭ ነገር ካያችሁ፣ ወይም በስልክ በብርሃን ባነሣችሁት ፎቶግራፍ ላይ አንዱ ዓይን ቀይ፣ ሌላው ነጭ ሆኖ ከወጣ፣ ፎቶውን ይዛችሁ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ቅረቡ። የዓይን ካንሰር በጊዜ ከተያዘ የልጁን ሕይወት፣ ብዙ ጊዜም ዓይኑን ማዳን ይቻላል።

እነዚህ ምልክቶች አብዛኛውን ጊዜ የሌላ፣ የቀላል ሕመም ምልክቶች ናቸው። መቶ ጊዜ ሄዳችሁ ዘጠና ዘጠኙ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ «ምንም የለም» ካላችሁ ደስ ይበላችሁ እንጂ አትፈሩ።

ሦስተኛው በዓመታት የሚለካው ነው። በአገር ቤት ብዙ ልጆችን የጎዳው የልብ ሕመም የሚጀምረው ከልብ ሳይሆን ከጉሮሮ ነው። በስትሬፕቶኮከስ ተሕዋስ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በአንቲባዮቲክ ካልታከመ፣ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ በአንዳንድ ልጆች ላይ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ እብጠት ያመጣል፤ ሲደጋገምም የልብ በሮችን ያበላሻል። ይህ ይበልጥ የሚያጠቃው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ነው። ልጁ ሮጦ ቶሎ የሚደክም፣ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ፣ ተጋድሞ መተንፈስ የሚያቅተው ከሆነ «ሰነፍ ነው» አትበሉት። ልቡ ከተነካ በኋላ እንኳ በየሦስትና አራት ሳምንቱ የሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ ጉዳቱ እንዳይብስ ያደርጋል። በኢትዮጵያ በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት ከ1989 ጀምሮ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት የሚሠራ ድርጅት አለ። እዚህም በሆሎን በቮልፍሶን ሆስፒታል ዶክተር አሚ ኮኸን በ1995 የመሠረቱት «ሴቭ ኤ ቻይልድስ ሃርት» የተባለው ድርጅት ከኢትዮጵያ የመጡትን ጨምሮ የብዙ ሺህ ልጆችን ልብ አክሟል። ይህ ሁሉ ቀዶ ሕክምና መልካም ነው፤ የጉሮሮ ሕመምን በጊዜ ማከም ግን ከዚያ ሁሉ ይቀላል።

በእስራኤል የተወለደ ሕፃን ገና ከሆስፒታል ሳይወጣ ከተረከዙ ጥቂት የደም ጠብታ ይወሰድለታል፤ የመስማት ምርመራም ይደረግለታል። ከደሙ ከሚታዩት አንዱ የእንቅርት ዕጢ ሥራ ነው። ይህ ዕጢ ሳይሠራ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ክኒን ከጀመረ እንደ እኩዮቹ ያድጋል፤ ከዘገየ ግን አእምሮው ይጎዳል። በኢትዮጵያ የተወለደ ልጅ ይህ ምርመራ ሳይደረግለት መምጣቱ የተለመደ ስለሆነ «ልጄ የተወለደው እዚያ ነው፤ የተረከዝ ምርመራ አልተደረገለትም» ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። የጢፓት ሐላብ ቀጠሮም ለክትባት ብቻ አይደለም። ነርሷ ክብደቱን፣ ቁመቱንና የራሱን ዙሪያ እየለካች መስመር ላይ ታስቀምጣለች። በዓይን የማይታይ ለውጥ በዚያ መስመር ላይ ይታያል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እያለ ለምን እንዘገያለን? ወላጆቻችን ልጆቻቸውን ስለማይወዱ አይደለም። ያየሁትን ምክንያት ልዘርዝር።

አንዱ ቋንቋ ነው፤ ቋንቋ ስል ዕብራይስጥ አለማወቅን ብቻ አይደለም። እኛ «ልቤን አመመኝ» ስንል ብዙ ጊዜ ጨጓራችንን ማለታችን ነው፤ ሐኪሙ ግን የልብ ምርመራ ያዛል። «ሆዱ ባሰው» ስንል ማዘኑን ነው፤ ተርጓሚው ግን ተቅማጥ ያደርገዋል። ስለዚህ በቃል ብቻ አትናገሩ፤ የሚያመውን ቦታ በእጃችሁ አሳዩ። ደግሞም እኛ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «አዎ» ስንል የማያውቀን ሐኪም የደነገጥን ይመስለዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ሳይገባን «ኬን፣ ኬን» ማለታችን ነው። ትልቅ ሰውን ላለማስቸገር፣ ላለማሳፈር ከተማርነው ጨዋነት የመጣ ነው። እዚህ አገር ግን ሐኪሙ «ኬን» ካልነው ገብቷቸዋል ብሎ ይሸኘናል።

ሁለተኛው መርዶ ነው። በአገራችን ክፉ ወሬ እንዲሁ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ቀስ ተብሎ ይረዳል። እዚህ አገር ግን አንድ ወጣት ሐኪም ኮምፒዩተሩን እያየ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከባዱን ነገር ይነግርሃል። ስለዚህ ብዙ ሰው ሕመሙን ሳይሆን የዚያን ክፍል ወንበር ይፈራል። «ካልመረመሩት የለም» ብሎ ራሱን ያጽናናል። መድኃኒቱ ብቻችሁን አለመሄድ ነው። ወንድም፣ እኅት፣ ቄስ፣ የምታከብሩትን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙንም «ቀስ ብለህ ንገረን፤ ዘመዳችን ይስማ» ማለት ይቻላል፤ ነውር የለውም። መርዶ የሚነገረው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። የሐኪም ቃል ግን ገና ሥራው ሳይጀመር የሚነገር ነው። ሁለቱን አናምታታ።

ሦስተኛው የአገር ቤት መድኃኒት ነው። ጸሎትም ጠበልም አትተዉ የሚል እንጂ ተዉ የሚል ሐኪም አላጋጠመኝም። ጸሎቱ ግን ለሐኪሙ ቀጠሮ እንቅፋት አይሁን፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ይቻላሉ። ትኩሳት የያዘውን ሕፃን ግግ ማስነቀል፣ ጉሮሮውን ያመመውን እንጥል ማስቆረጥ ግን ፈጽሞ አይገባም። ደም ያፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ በዚያ ላይ እውነተኛው ሕመም ሳይታወቅ ቀናት ያልፋሉ። አንዳንድ ሰው ደግሞ ልጁ ዓርብ ማታ ሲያመው ሰንበት እስኪወጣ ይጠብቃል። በሃይማኖታችን ሕግ ነፍስ ማዳን፣ ፒኩዋሕ ኔፌሽ፣ ሰንበትን ይሽራል። ይህን የሚጠራጠር ካለ ቄሱን ወይም ረቢውን ይጠይቅ።

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። ወደ ሐኪም ስትሄዱ አንድ ደብተር ያዙ። ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ ትኩሳቱ ስንት እንደሆነ፣ ልጁ ምን ያህል እንደጠጣ፣ ስንት ጊዜ እንደሸና፣ ምን መድኃኒት እንደወሰደ በአማርኛም ቢሆን ጻፉ። ሐኪም «ብዙ ጊዜው ነው» ከሚል ቃል ይልቅ «ዐሥራ አንድ ቀኑ ነው» የሚለውን ይሰማል። ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፤ «ሕመሙ ምን ሊሆን ይችላል?» እና «ምን ካየሁ፣ በስንት ቀን ውስጥ ልመለስ?» የሚሉትን። በተባለው ቀን ካልተሻለው ተመለሱ። ሦስተኛ ጊዜ መመለስ ጭቅጭቅ አይደለም፤ ለሐኪሙ ራሱ አዲስ መረጃ ነው። የደም ምርመራ ከታዘዘ ውጤቱን ጠይቁ፤ ካልደወሉልኝ ደኅና ነው ብላችሁ አትቀመጡ።

ተርጓሚ ጠይቁ። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣውና ከ2013 ጀምሮ በሚሠራው መመሪያ የሕክምና ተቋማት አገልግሎታቸውን በሕመምተኛው ቋንቋና ባህል እንዲመቻች ማድረግ ይገባቸዋል። የሚኒስቴሩ የስልክ መስመር *5400 ነው። ዕብራይስጥ ቶሎ ስለለመደች ብቻ የዐሥር ዓመት ልጃችሁን የወንድሟን ሕመም እንድታስተረጉም አታድርጓት። ቃሉ ይከብዳታል፤ የሰማችውም ዕድሜ ልኳን ይከተላታል።

በከተማችን ሆስፒታል የለም። ወደ በርዚላይ አሽቀሎን፣ ወደ ሶሮካ ቤር ሸቫ ወይም ወደ ካፕላን ረሖቮት መጓዝ ግድ ነው። ስለዚህ «እስኪነጋ እንጠብቅ» ከማለት በፊት መንገዱን ቁጠሩት። ልጁ ለመተንፈስ ከተቸገረ፣ ከፈዘዘና መንቃት ካቃተው፣ ከተንዘፈዘፈ፣ ወይም ብዙ እየጠጣና እየሸና ሰንብቶ ማስመለስ ከጀመረ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ መኪና ያለው ዘመድም አትፈልጉ፤ ወደ ማገን ዳቪድ አዶም 101 ደውሉ።

አንድ ነገር ለአሮጌ ነዋሪዎችም ልበል። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በጹር ይስራኤል ዘመቻ ብዙ ቤተሰቦች መጥተዋል፤ በመካከላችንም አሉ። ወረቀቱን የሚያነብላቸው፣ በስልኩ ቀጠሮ የሚይዝላቸው ሰው ይፈልጋሉ። አንድ ደብዳቤ ማንበብ አምስት ደቂቃ ነው፤ የጎረቤቴን ልጅ ያዳነውም አንዲት አስተማሪ የጻፈችው አራት መስመር ነው። በደረጃችሁ ላይ አዲስ ቤተሰብ ካለ ዛሬ ማታ በሩን አንኳኩና «የልጆቹ ሐኪም ማን ነው? የሚነበብ ወረቀት አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ፈጣሪ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ለሐኪሞቻችንም ጥበቡን ይስጥልን። ቸር ያሰማን።